ዳማው ፈረስና ባለ አራት ቴራው ዲስክ

የእጃጂው ሽማግሌ ወደ ሱቄ የመጡት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ገበያው ገና እየሞላ ሳለ ነው። በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ እኔም በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ወንበር ሰጥቻቸው ሲቀመጡ ግን ወደ አማርኛ ዞሩ። ኮምፒውተሩንና በየጥጉ የተጠላለፈውን ሽቦ አይተው ጉዳዩ የቢሮ ጉዳይ መስሏቸው ይሆናል።

ሥራዬ ሰርግ፣ ምርቃትና የመዘምራን ዝማሬ መቅረጽ ነው። አምቦ ላይ ሱቅ ከከፈትኩ ያኔ ስምንት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሽማግሌውን ወዲያው አወቅኳቸው፤ ከስድስት ዓመት በፊት እጃጂ ሄጄ የሴት ልጃቸውን ሰርግ ቀርጬላቸው ነበር። ቪዲዮው ጠፍቶባቸው ሊያስገለብጡ የመጡ መስሎኝ ፍላሽ ይዘው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"የሰርጉማ ልጄ ጋ አለ" አሉ። "እኔ የመጣሁት ለፈረሱ ነው።"

ፈረሱ ዳማ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሞቶባቸዋል። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ገበያም ለቅሶም ያደረሳቸው እሱ ነው፤ ባለቤታቸው በጠና የታመሙ ጊዜ እስከ ጤና ጣቢያው የወሰዳቸውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም፤ ስለ አንድ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

"ሰው ሲሞት ፎቶው ግድግዳ ላይ ይቀራል" አሉኝ። "እሱ ግን አንድም የለው። ያን ቀን ስትቀርጪው ግን በዐይኔ አይቻለሁ።"

እውነታቸውን ነው፣ ቀርጬው ነበር። ልጃቸው ጋ ባለው ቪዲዮ ውስጥ ግን ፈረሱ የለም ማለት ይቻላል። ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሙሽራዋ ወንድሞች ሥራውን ለማየት ሱቄ መጥተው፣ የመኪናው ሰልፍ ይበቃል፣ ፈረስ ያለበትን ሁሉ አውጪልን ብለውኝ ነበር። ምክንያታቸውን ጠይቄ እንደሆነ አላስታውስም። ባለጉዳይ አውጪ ካለ ይወጣል።

የወጣው ግን አልተጣለም። ባልተቆረጠው ቀረጻ፣ እኔ "ጥሬው" በምለው ውስጥ፣ እንዳለ ተቀምጧል። የሙያ ባልደረቦቼ ባለጉዳይ ሥራውን በተረከበ ማግስት ጥሬውን ይደመስሳሉ፤ ዲስክ ውድ ነው፣ ቦታም ይይዛል። እኔ ይህ አልሆነልኝም። አንዴ "ይህን ማን ይፈልገዋል?" ብሎ የሳቀብኝ ባልደረባ ነበር። እነሆ አሁን አንድ ሰው ፈልጎ መጣ።

ችግሩ ዲስኩ ነበር። የስምንት ዓመት ጥሬ የተጠራቀመበት ባለ ሁለት ቴራ ሀርድ ዲስክ እስከ አንገቱ ሞልቷል። አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ቀጥ ይላል፤ ሰሞኑን ደግሞ ከውስጡ የሆነ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ጀምሮት ነበር። ሽማግሌውን ፊት ለፊት አስቀምጬ ልከፍተው ፈራሁ። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ሁሉንም ካዛወርኩ በኋላ እንደማወጣላቸው ነግሬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን እንዲመጡ ለመንኳቸው።

"እሺ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እሱ እንደሆነ አሁን አይቸኩልም።"

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን ሱቄን ዘግቼ አዲስ አበባ ወረድኩና መርካቶ ውስጥ ባለ አራት ቴራ ዲስክ ገዛሁ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ እንቁላል ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት። አዲስ ዓለም ላይ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ዕቃዬን ወደ ላይ እንድሰቅለው መከሩኝ፤ ይሰበራል ብዬ አልሰጥም አልኩ። መድኃኒት መሰላቸው መሰለኝ፣ "እግዚአብሔር ይማርልሽ" አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ለማስረዳት ረጅም መሰለኝ።

ማግስቱን ጠዋት ዲስኩን ሰካሁት። አዲስ ዲስክ እንደ ባዶ መሬት ነው፤ መጀመሪያ ተሸንሽኖ ክፍል ካልወጣለት ምንም አይቀመጥበትም። ኮምፒውተሩ የአከፋፈሉን ዓይነት እንድመርጥ ሁለት አማራጭ አቀረበልኝ፤ ልዩነቱን ስለማላውቅ ከላይ ያለውን ተጫንኩ። ክፍሉን አወጣሁ። የታየኝ ሁለት ቴራ ብቻ ነው። የቀረው ሁለት ቴራ በጥቁር መስመር ተከልሎ ይታያል እንጂ አይነካም። ተታለልኩ አልኩ። የመርካቶውን ነጋዴ በልቤ ረገምኩት፤ ኋላ በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከዚያ እንደገና ልጀምረው፣ ያወጣሁትን ክፍል ልሰርዘውና ሌላውን አማራጭ ልሞክር ብዬ ወሰንኩ። አሮጌው ዲስክም አብሮ እንደተሰካ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ሁለቱም ወደ ሁለት ቴራ ይጠጋሉ፣ ሁለቱም ስማቸው "ኒው ቮልዩም" ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠው ስም ነው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ለዚያ ዲስክ አንድ ስም አውጥቼለት አላውቅም። አንዱን መርጬ ሰርዝ አልኩት። በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

የጠፋው አሮጌው ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ስክሪኑን አያለሁ፤ የነበረው መስመር ወደ ጥቁር ተለውጧል። የጉደር፣ የጊንጪ፣ የእጃጂ፣ የአምቦ ሰርጎች፣ አሁን በሕይወት የሌሉ እናቶች ልጆቻቸውን የመረቁበት፣ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች የሳቁበት ቀን ሁሉ እዚያ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በዐይኔ የመጡት ሽማግሌው ናቸው። በቀጠሮው ቅዳሜ ከእጃጂ ድረስ ይመጣሉ። ምን ልላቸው ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ በመዘምራኑ መካከል፣ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ የምትሠራ አንዲት እህት ነበረች። ዝም ያለች ሴት ናት፤ ከሰላምታ አልፈን አውርተን አናውቅም። ስልኳ ያለኝ አንዴ የመዝሙር ቀረጻ ልላክልሽ ብያት ስለነበር ብቻ ነው። ደወልኩ። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"አሁን ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ስጨርስ።

"ምንም። ቁጭ ብያለሁ።"

"ጎሽ። ከመቀመጥ ሌላ ምንም አታድርጊ። ምንም እንዳትጭኚበት፤ ፎርማት ላድርገው ወይ ቢልሽም እምቢ በይው። ነቅለሽ ይዘሽልኝ ነይ።"

ሁለቱንም ዲስክ በፎጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩን ቀስ በል ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ኮምፒውተር ላቡ ውስጥ ያን ቀን ትምህርት አልነበረም። አሮጌውን ዲስክ ተቀብላ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ማራገቢያ አብርታበት እንዳይግል አደረገችና ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያለው አንድ ፕሮግራም ከፈተች። እየሠራች አስረዳችኝ።

"የሰረዝሽው ማውጫውን ነው። መጽሐፉ ከነገጹ አለ፤ የተቀደደው የትኛው ምዕራፍ የት እንደሚጀምር የሚናገረው ቅጠል ነው። ሌላ ነገር ካልጻፍሽበት እናገኘዋለን።"

"ካላገኘነውስ?"

"እሱን ያኔ እናስባለን።"

ፕሮግራሙ ዲስኩን ከራሱ እስከ ጭራው ማሰስ ጀመረ። ቁጥር ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። እሷ ሌላ ሥራ እየሠራች አልፎ አልፎ ዞር ብላ ታያለች። ምሳ ሰዓት ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ፤ አልበላም ብላት ዝም ብላ ፊቴ አስቀመጠችው፤ ኋላ ሳላውቀው ጨርሼዋለሁ። ያን ቀን የሌላ ሰው ጥፋት በእጇ ይዛ ስትውል አንዴ እንኳ "እንዴት ሳታዪ ተጫንሽው?" አላለችኝም። ብዙ ሰው ያንን ነው መጀመሪያ የሚለው። እኔም ብሆን የምለው ይመስለኛል።

አሥር ሰዓት አካባቢ ስሜን ጠርታ ወደ ስክሪኑ ጠቆመችኝ። ዝርዝር ወጥቷል። ጉደር። ጊንጪ። እጃጂ። እያንዳንዱን ፎልደር በየከተማው ስም የመሰየም ልማድ ነበረኝ፤ ለዲስኩ ስም ባልሰጥም ለእነሱ ሰጥቻቸዋለሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። እሷ ማራገቢያውን ወደ ዲስኩ አስተካከለች።

ማውጫውን መልሳ ጻፈችለት፤ ዲስኩም እንደ ቀድሞው ተከፈተ። ያረጀ ስለሆነ ግን ዕድሜው ብዙ እንዳልቀረ አስጠነቀቀችኝና አዲሱን ሰካች። የሁለቱ ቴራ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኔ የመረጥኩት የአሮጌው ዘመን አከፋፈል ነበር፤ እሱ ከሁለት ቴራ በላይ መቁጠር አያውቅም። ሁለተኛውን ስትመርጥ አራቱም ቴራ ወለል ብሎ ወጣ። ለሁለት እንድትከፍልልኝ ጠየቅኳት፣ አንዱ ለጥሬው፣ ሌላው ለመጠባበቂያ ቅጂው።

ሳቀች፤ ያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። "አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ክፍል ማለት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ማለት ነው" አለች። "ቤቱ ከተቃጠለ ሁለቱም ይቃጠላሉ። ቅጂሽን ሌላ ቤት አስቀምጪ።"

ስለዚህ ትልቁን ክፍል ለጥሬው፣ ትንሹን ላለቀው ሥራ አደረግነው። ስማቸውን ራሴ እንድጽፍ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። "ጥሬ" ብዬ ጻፍኩ። "ያለቀ" ብዬ ጻፍኩ።

ማዛወሩን ረቡዕ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ጀመርኩ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ የሚቀረውን ጊዜ ሲነግረኝ ከአንድ ቀን በላይ ነበር። መብራቱ ደግሞ አልታገሰኝም። ረቡዕ ሁለት ጊዜ፣ ሐሙስ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር የትኛው ፎልደር ላይ እንደተቋረጠ ፈልጌ፣ ያንን አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። አሮጌው ዲስክ በእያንዳንዱ መቋረጥ እንደሚጎዳ ተነግሮኛል፤ ቅጭ ቅጭ ባለ ቁጥር ጆሮዬን ወደ እሱ አስጠጋለሁ።

ከሱቄ ጎን የሶላር መብራትና ሬዲዮ የሚሸጡ፣ ከስልጤ አገር የመጡ ነጋዴ አሉ። ለዓመታት ጎረቤት ብንሆንም የእኛ ጉርብትና ስኳርና መጥረጊያ ከመበዳደር አያልፍም ነበር። ዓርብ ጠዋት መብራቱ እንደገና ሲጠፋ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ደጅ ተቀምጬ አዩኝ። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የሚገለበጠው ምን እንደሆነ ሲሰሙ፣ የአክስታቸው ልጅ ሰርግም እኔ እንደቀረጽኩትና እዚያ ውስጥ እንዳለ ራሳቸው አስታወሱኝ። ጄኔሬተራቸውን አስነሱና ሽቦውን በጓሮው አጥር ላይ አሳልፈው ወደ እኔ ሱቅ ቀጠሉልኝ።

ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ግን ለጁምዓ መሄጃቸው ደረሰ። ሁልጊዜ ዓርብ በዚያ ሰዓት ጄኔሬተራቸውን አጥፍተው፣ ሱቃቸውን ቆልፈው ነው የሚሄዱት። ልነቅል ተነሣሁ። እሳቸው የሱቃቸውን ቁልፍ አምጥተው መዳፌ ላይ አደረጉ።

"ይሥራ፣ እህቴ። ነዳጁ ካነሰ ጀሪካኑ ከበሩ ኋላ አለ። ሰው ከመጣም ሰግዶ ይመጣል በይልኝ።"

ሙሉ ሱቅ ዕቃ ነው ትተውልኝ የሄዱት። ሲመለሱ ስክሪኑ ላይ የማዛወሩን ሂደት የሚያሳየው መስመር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ከጎኔ ቆመው አብረውኝ አዩት። ከሞላ በኋላም በተነገረኝ መሠረት የሁለቱን ዲስኮች የፋይል ብዛትና መጠን አስተያየሁ፤ አንድም አልጎደለም። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ሽማግሌው ቅዳሜ በቀጠሯቸው መጡ። እኔም ቀረጻውን ገና መልሼ አላየሁትም ነበር፤ አብረን እንየው ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የእጃጂውን ፎልደር ከፈትኩ፤ ሳይንገራገጭ ወዲያው ተከፈተ።

ዝናብ ነበር። የሚያዝያ ሰርግ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የሙሽሮቹ መኪና ከቤቱ ወጥቶ አስፋልቱ ሳይደርስ ሰጥሟል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ሚዜዎቹ በሱፋቸው ይገፋሉ፣ ጭቃው ይረጫቸዋል። የሙሽራዋ ወንድሞች ካሜራውን አጥፊ እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እዚህ ላይ ነው ለምን አውጪ እንዳሉኝ የገባኝ። ከዚያ ሽማግሌው ዳማውን ፈረስ እየሳቡ በቀኝ በኩል ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ አነጠፉ፤ ልጃቸውን ከነነጭ ቀሚሷ ከመኪናው አንሥተው አስቀመጧት። ሙሽራው ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተላል። እስከ አስፋልቱ ድረስ አባት በእግር፣ ልጅ በፈረስ ሄዱ። እኔም ተከትዬ ቀርጫለሁ፤ ሙሉውን፣ ሳላቋርጥ። ረስቼው ነበር።

ድምፁም አለ። "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ ሽማግሌው ለፈረሱ፤ ቀስ፣ ቀስ። ፈረሱ ጭቃው ውስጥ እግሩን እየመረጠ ያነሣል።

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አዩ። ልጃቸውን አላነሡም፤ ራሳቸውንም አላነሡም። ጣታቸውን ወደ ፈረሱ ራስ ዘርግተው፣ "ጆሮው ወደ እኔ ነው፤ አየሽ?" አሉኝ። እውነትም አንዱ ጆሮው ድምፃቸው ወዳለበት ዞሯል። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አየነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚሁ ሳምንት በገዛ እጄ ሰርዤው እንደነበር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ማን መለሰው?" ብቻ ነው ያሉት።

ስለ ኮምፒውተር ላቧ ሴትና ስለ ጎረቤቴ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "እንግዲያ እሷንም አመስግኚልኝ፤ ገለቶሚ በይልኝ። ለሰውዬውም ራሴ እነግራለሁ" አሉ። ቀረጻውን በፍላሽ፣ ጆሮው የዞረበትን ደግሞ በትልቅ ፎቶ አወጣሁላቸው። ፎቶውን በጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስገብተው ወጡ፤ በጎረቤቴ በር ላይ ቆመው እጅ ሲነሡ በመስኮቱ አየኋቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

አዝመራ ከገባ በኋላ እጃጂ ለምሳ ጠሩን። ጎረቤቴ ዕቃ ሊያመጡ መንገድ ላይ ስለነበሩ አልመጡም፤ እኔና የኮምፒውተር ላቧ እህት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሄድን። ፎቶው ከሙሽሮቹ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ልጃቸውም ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ ነበር፤ ያን ቀን ፈረስ ላይ መቀመጧን ለልጆቿ ስትነግር አላመኗትም ነበር፣ አሁን ግን በየቀኑ አሳዪን እያሉ አስቸግረዋታል። ታላቅ ወንድሟ አጎንብሶ ሲያስታጥበን ቀና ብሎ አየኝ።

"አውጪው ያልኩሽ እኔ ነበርኩ" አለኝ። "የሰው ሰርግ በመኪና ሲያልቅ የእኛ በጭቃ ሆነብኝ፤ አፈርኩ። አለመጣልሽን ሳውቅ ደግሞ ባንቺ ፊት አፈርኩ።"

እኔም ሰርዤው እንደነበር፣ ከሁለታችን ጥፋት ያዳነችን አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እንደሆነች ነገርኩት። እሷ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። አባትየው ጎርሰው፣ ለእሷም ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅተው ዘረጉላት።

ያን ቀን በሚኒባስ ስንመለስ እህትነታችን ከቤተ ክርስቲያን አጠራር አልፎ እንደነበር ይሰማኛል። ዛሬ ሁለተኛው ቅጂዬ እሷ ቤት ነው፤ በየሦስት ወሩ ዲስኬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ኮፒው እስኪያልቅ ስናወራ እንውላለን። ሌሎች የአምቦ ቀራጮችም ዲስክ ሲገዙ ወደ እሷ እልካቸዋለሁ። እሷ ግን አሁን አሁን ወደ እኔ ትመልሳቸዋለች፤ ክፍል ማውጣቱን አንቺም ትችይዋለሽ ትለኛለች። እችላለሁ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሰርዝ የሚለውን ሊጫን ሲል እጁን ያዝ አደርግና፣ መጀመሪያ ስሙን አንብብልኝ እለዋለሁ።